አባቴ በቴቬሬ ደፍ ላይ

አባቴ ሮም ከገቡ በኋላ ከወንበራቸው ፈጥነው ሲነሡ ያየኋቸው፣ ወንዝ ዳር ሰዎች ዓሣ ሲያጠምዱ አየሁ ብዬ የነገርኳቸው ዕለት ነው።

ከመጡ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ስታርፍ ዝዋይ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። ስኳር አለባቸው። ማን መድኃኒታቸውን ያስታውሳቸዋል፣ ማን ምግባቸውን ያይላቸዋል እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ ከርሜ በመጨረሻ ሪኮንጁንጂሜንቶ ጠየቅሁ፤ ቤተሰብ ወደዚህ የሚመጣበት ፈቃድ ነው። በስልክ "ይመጣሉ አይደል አባዬ?" ስላቸው "አንቺ ካልሽ" ነበር መልሳቸው። እኔ እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። እሺታ እንዳልነበረ የገባኝ ኤርፖርት ስቀበላቸው ነው። አቅፈው ሳሙኝ፣ መረቁኝ፤ ከዚያ ወደ መውጫው ስንራመድ ዞር እያሉ የመጡበትን በር ያዩ ነበር።

የምንኖረው ሮማኒና ነው፤ ከተማው አልቆ የመኪና መንገድ የሚጀምርበት ሠፈር። በረንዳዬ የሚያየው የገበያ ማዕከሉን መኪና ማቆሚያና ከዚያ ወዲያ ራኮርዶውን፣ ከተማዋን የሚዞራትን ትልቁን አውራ ጎዳና ነው። አባቴ ጠዋት ወንበራቸውን ያወጣሉ፣ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ መኪና ሲያልፍ ያያሉ። ማታ ስመለስ እዚያው ናቸው። "በሉ?" ስላቸው "በልቻለሁ" ይላሉ። ድስቱን ስከፍተው እንዳስቀመጥኩት ነው።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምውለው የሌላ ሰው አባት ጋ ነው። ትራስቴቬሬ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ አስታምማለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ ጢማቸውን እላጫለሁ፣ ሾርባቸውን አጎርሳቸዋለሁ፣ የልጅነት ታሪካቸውን ደጋግመው ሲነግሩኝ እንደ አዲስ እሰማለሁ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙ አይርቅም። ትከሻቸውን በፎጣ ሳደርቅ አንዳንዴ እጄ ይቆማል። የእኔው ሽማግሌ አሁን ምን እያዩ ይሆን እላለሁ።

የዚያ ቤት ወጥ ቤት መስኮት ወንዙን ቁልቁል ያያል። ቴቬሬ መሀል ከተማው ላይ ትንሽ ደሴት ታቅፏል። እዚያ ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ያለ የድንጋይና የሲሚንቶ እርከን ተሠርቶበታል፤ ከላይ ዝም ብሎ የመጣው ውሃ እርከኑን ሲሻገር ነጭ አረፋ ሆኖ ይወርዳል። ጣሊያኖቹ ሶሊያ ይሉታል። በኛ ደፍ ማለት ነው፣ የበር ደፍ። ያን ዕለት የገበታ ጨርቅ ላራግፍ መስኮቱን ስከፍት ከደፉ በታች የቆሙ ሰዎች አየሁ፤ አንዱ ዘንጉ ተቆልምሞ ዓሣ እየጎተተ ነበር።

ማታ ስነግራቸው አባቴ ተነሡ።

"ምን ዓይነት ዓሣ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ አባዬ። ረዘም ያለ፣ ብርማ።"

"አንቺ የዓሣ አጥማጅ ልጅ አይደለሽም?" አሉና ሳቁ። ጥርሳቸውን ካየሁት ስንት ጊዜዬ።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ ብሆንም ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዝዋይ ሴት ልጅ ዓሣ ታጸዳለች፣ ትሸጣለች እንጂ ሐይቅ አትገባም ነበር፤ ቢያንስ በእኛ ቤት። አባቴ ሌሊት መረብ ጥለው ጠዋት ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔ የማውቀው የዓሣውን ሆድ ነው፤ ቤቱን አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት የኔ ዓይነት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው። የማጥመጃ ፈቃድ፣ ሊቼንሳ፣ አወጣሁላቸው፣ ከስፖርት ዕቃ መሸጫ ዘንግ ገዛሁላቸው። ዘንጉን አገላብጠው አይተው "ይኼ የልጅ መጫወቻ ነው" አሉ። መረብ ክልክል መሆኑን ሳስረዳቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ክሩን ከዘንጉ ፈትተው በባዶ የውሃ ጠርሙስ ላይ ጠመጠሙት። የስንዴ ሊጥ አቡክተው በፌስታል ያዙ። በሜትሮ፣ ከዚያ በእግር ሄደን፣ ከመንገዱ ወደ ወንዙ በሚያወርደው ረጅም ደረጃ ቀስ እያልን ወረድን።

ታች ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ግድግዳው ከግራና ከቀኝ እንደ ገደል ቆሟል፤ የከተማው ድምፅ ከላይ ቀርቷል። ከደፉ በታች ያለውን አረፋ አዩት፣ ከደፉ በላይ የተኛውን ውሃ አዩት።

"እዚህ ነው" አሉ ወደ ተኛው ውሃ እያመለከቱ። "ዓሣ ሲሯሯጥ አይውልም። የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል።"

ሐይቅ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ክሩን ወርውረው ተቀመጡ። ያን ሐሙስ ምንም አልያዙም። በሚቀጥለውም አልያዙም። ከዚያ በኋላ ባሉትም ሐሙሶች ሊጡ ሟሙቶ ባዶ መንጠቆ ይወጣ ነበር። ከደፉ በታች ያሉት ሰዎች ደግሞ እያየናቸው ያወጣሉ። የአባቴ ፊት በየሳምንቱ እየጠቆረ ሄደ። በሕይወታቸው ሙሉ ባዶ እጃቸውን የገቡበት ቀን ኖሮ ይሆናል፤ ሰው እያያቸው ግን አልነበረም።

ከታች ከሚያጠምዱት አንዱ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነበር። አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ትልቅ። አንድ ቀን ወደኛ መጥቶ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገና "አሎራ ኖኖ፣ እዚህ ለምን ትደክማለህ?" አለ። ኖኖ ሲል አያት ማለቱ ነው። አንተ ብሎ፣ ትከሻ መትቶ።

"ምን ይለኛል?" አሉ አባቴ።

"አባቴ፣ እዚህ ለምን ይደክማሉ ይላል።"

"ምን አገባው?"

ሰውየው ሳልጠይቀው ማስረዳት ጀመረ። ከደፉ በላይ ያለው ዓሣ የወንዝ ዓሣ ነው፣ ካርፕ ነው፤ በዚህ ብርድ አፉን አይከፍትም። ከደፉ በታች ያለው ግን ከባሕር የሚመጣ ነው፤ ቼፋሎ ይባላል። ባሕሩ የወንዙ አፍ ላይ ሲገፋ ወንዙ ይዘገያል፣ ዓሣው ያንን ተከትሎ ሽቅብ ይዋኛል፣ እዚህ ሲደርስ ደፉ መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ እዚሁ ይሰበሰባል። ጥሩ ቦታ የሚባለው ውሃው ከወደቀ በኋላ ዞሮ የሚመለስበት ጥጉ ነው።

ተረጎምኩ። አባቴ ውሃውን እያዩ ሰሙና "ባሕር የት አለና?" አሉ።

"ከዚህ ወደ ታች፣ በባቡር የሚያስኬድ ነው።"

"ያ ሁሉ መንገድ ባሕር ወንዝ ይገፋል? ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ይኼ ሰውዬ እየቀለደብኝ ነው።" ክራቸውን ጠቀለሉ። "ንገሪው፤ እሱ ሳይወለድ እኔ ዓሣ አጠምድ ነበር በይው።"

"አባቴ ስለ ምክርዎ ያመሰግኑዎታል" አልኩት ሰውየውን። እሱም ገባው መሰለኝ፤ ትከሻ መምታቱን ትቶ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሐሙስ ሲደርስ "ዛሬ ደክሞኛል" ማለት ጀመሩ። ወደ በረንዳው ተመለሱ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልክ እያወሩ ነበር። ዝዋይ ካሉት የታንኳ ጓደኛቸው ጋር ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ አብረው መረብ የጎተቱ ናቸው። በሩን ስከፍት አልሰሙኝም።

"ውሃ አለ" ይላሉ። "ዓሣ ግን ለእኔ የለም። ልጄ ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔማ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው። እንደ እንግዳ ሳህን ቡፌ ውስጥ ተቀምጫለሁ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ቤታችን ውስጥ የእንግዳ ሳህኖች ነበሩን፤ አበባ ያለባቸው፣ እናቴ በዓመት በዓል እንኳ የማታወጣቸው። እንዳይሰበሩ ብላ። ማታ እራት ሳቀርብ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

የጠፉብኝ በሰኔ ነው። ሐሙስ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ምሳ ይዤ ቤት ስገባ በረንዳው ባዶ ነው። ጫማቸው የለም፣ ባርኔጣቸው የለም። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ደረጃውን ሮጬ ወርጄ ጎረቤት ጠየቅሁ፤ ያየ የለም። ጣሊያንኛ ከ"ቫ ቤኔ"፣ ማለትም ከ"እሺ"፣ ሌላ አንድ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የስኳር መድኃኒታቸውን ጠዋት ይዋጡ አይዋጡ አላውቅም። ወደ መኪናው መንገድ ሄደው ይሆን ብዬ ወደዚያ መሮጥ ጀመርኩ። ከዚያ ግን አባቴ በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቁት መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሜትሮው ውስጥ ቆሜ ነው የሄድኩት። ወንዙ ዳር ያለውን ደረጃ ወርጄ ስደርስ የትራሙ ሹፌር ከቦታው ነበር። እሳቸው የሉም።

"አባቴን አይተዋቸዋል?"

"ጠዋት መጥቶ ነበር" አለ ዘንጉን ሳያስቀምጥ። "ወደ ታች እያሳየ 'ማሬ? ማሬ?' ይለኛል። ባሕሩን ማየት ፈልጎ ነው። ጣቢያው ድረስ አብሬው ሄጄ ወደ ባሕሩ በሚሄደው የሊዶ ባቡር ላይ አሳፈርኩት። የሚወርድበትን መዳፉ ላይ ጻፍኩለት፤ አውቶቡሱንም።"

ምን እንደ ሆንኩ አላውቅም፤ ጮህኩበት። "ቋንቋ የማይችሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ባቡር ላይ ያሳፍራሉ? በሽተኛ ናቸው! ቢወድቁስ? ቢጠፉስ?"

ሰውየው አሁን ዘንጉን አስቀመጠ። አልተቆጣም። "ሲኞራ" አለ፣ "አባትሽ ሕፃን አይደለም። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።"

ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

ባቡሩ ዣንጥላና ፎጣ በያዙ ለባሕር በሚሄዱ ሰዎች ተሞልቷል። ሙዚቃ የከፈቱ ወጣቶች ይስቃሉ። እኔ የሥራ ልብሴን እንኳ በደንብ አልቀየርኩም፤ በየጣቢያው አንገቴን አስግጌ ባርኔጣ ለባሽ ሁሉ እሳቸው እየመሰሉኝ አያለሁ። ወደ ዝዋይ ደውዬ የአባቴን ሞት ስናገር በሐሳቤ ታየኝ፤ ለጓደኛቸው ምን ብዬ እንደምጀምር ሁሉ ቃል እመርጥ ነበር። ባሕሩ ዳር ኦስትያ ወርጄ ወንዙ ባሕር ወደሚገባበት፣ ኢድሮስካሎ ወደሚሉት ጥግ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ።

ቤቶቹ ዝቅተኛና በጨው የተበሉ ናቸው። መንገዱ ሲያልቅ ድንጋይ የተከመረበት ዳር አለ፤ ማዶ ደግሞ ወንዙ ላይ የተንጠለጠሉ የዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጎጆዎች ይታያሉ፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ አራት ማዕዘን መረብ በገመድ ተሰቅሏል። አውሮፕላን ከራሴ በላይ ዝቅ ብሎ እያጓራ አለፈ። ድንጋዩ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው ከጎናቸው አስቀምጠው፣ አባቴ ተቀምጠዋል።

ስጠራቸው ዞር ብለው፣ ልክ የቀጠርኳቸው ያህል፣ "ነይ፣ ነይ እዪ" አሉኝ።

"አባዬ! የሞቱ መሰለኝ እኮ! ስልክዎን ጥለው—"

"ቆይ፣ ቆይ። እዪ መጀመሪያ።" በጣታቸው ወንዙን አሳዩኝ። የሸምበቆ ቁራጭ ይንሳፈፋል። "ስመጣ ቁልቁል ይሄድ ነበር። ከዚያ ውሃው ቆመ። አሁን እዪው።"

ሸምበቆው ወደ ከተማው አቅጣጫ፣ ሽቅብ ይሄዳል። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ይሄዳል። ወንዝ ወደ ኋላው ሲሄድ እኔም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

"ሰውየው አልቀለደብኝም" አሉ። "ሐይቅ እንዲህ አያደርግም። በነፋስ ይናወጣል እንጂ ወጥቶ አይገባም። ይኼን ሳላውቅ ነው ለካ ዓሣ አጣሁ የምለው።"

አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን እፎይታ አላውቅም። ክንዴን ያዙኝ። መዳፋቸው ላይ የሹፌሩ ጽሑፍ በላብ ተዥጎርጉሮ ይታያል።

"ልጄ፣ አስጨነቅሁሽ። ይቅር በይኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አገሬ ልግባ።"

"እዚያ ማን አለዎት አባዬ?"

"ዕድሬ አለ። ብሞት ድንኳን የሚተክል ሰው አለ። እዚህ ብሞት ያ በረንዳ ላይ ነው የምሞተው፤ አንቺም ሥራ ላይ ሆነሽ።"

"እኔ ላስታምምዎ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁዎት።"

"አውቃለሁ። እዚያ የምታስታምሚያቸው ሰውዬ ይታጠባሉ፣ ይጎርሳሉ፤ ጊዜያቸው ደርሷል። የእኔ የመታጠቢያ ጊዜ ገና ነው። ከመድረሱ በፊት ግን አስቀመጥሽኝ።"

በክፋት አልተናገሩትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆየን፤ በመጨረሻ "ክረምቱ ይምጣና እናያለን፣ ይሁን?" አልኳቸው። ክረምት ያልኩት የጣሊያኑን ነው፣ ታኅሣሥን። "ቫ ቤኔ" አሉኝ። ጫማቸውን አደረግሁላቸው፤ በባቡሩ እንቅልፍ ወስዷቸው ትከሻዬ ላይ ተኙ።

ያ በጋ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኩት ጥሩው ጊዜ ነው ብዬ አሁን አስባለሁ። ያን ጊዜ ግን ጥሩነቱን በሰላም አልበላሁትም፤ በየሐሙሱ አንድ ሐሙስ ቀነሰ እያልኩ ነበር። አባቴ ወደ ትራሙ ሹፌር ሄደው እጃቸውን ዘረጉለት። ሁለቱ በቃል ሳይግባቡ በጣት ይነጋገራሉ። ቦታ ፍለጋው የሁለታቸው ሆነ፤ እኔ አስተርጓሚና ሊጥ አቡኪ ነኝ። ከባሕር ነፋስ በሚነፍስበት ከሰዓት ከደፉ በታች ባለው ጥግ ቼፋሎው ሳብ ሳብ ያደርጋል። ማለዳ ደግሞ ከደፉ በላይ፣ የዛፍ ጥላ በሚወድቅበት፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ በገባበት ቦታ ካርፑ ይነክሳል። "ያኔ እኮ ቦታው ትክክል ነበር" ይላሉ አባቴ፣ "ወሩ ነው የተሳሳተው"። እኔም ከዝናብ በኋላ ቡናማ ውሃ ሲመጣ መድከም ከንቱ መሆኑን፣ ሳቢሳ የተባለው ዓሣ በል ወፍ የቆመበት ዳር ከሰው ምክር እንደሚበልጥ ተማርኩ። የመጀመሪያዬን ዓሣ ሳወጣ አባቴ እጃቸውን አጨበጨቡ። የከተማው ውሃ ንጹሕ አይደለም ስለሚባል የያዝነውን ሁሉ መልሰን እንለቅ ነበር። አባቴ ይኼ አልዋጥላቸው አለ። "ያዙ፣ ልቀቁ" ይሉ ነበር በየጊዜው፣ ዓሣው በእጃቸው እየተንሸራተተ ሲሄድ፤ "ይኼ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?"

በጥቅምት መጀመሪያ ከደፉ በታች አንድ ከባድ ነገር መንጠቆአቸውን ዋጠ። ክሩ በእጃቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም። ጎተቱ፣ ጎተታቸው። ውሃው ተገልብጦ ጥቁር ሰፊ ራስ፣ የአፉ ዙሪያ ጢም ያለው፣ ብቅ አለ።

"አምባዛ!" ብለው ጮኹ አባቴ። ለረጅም ዘመን ያላዩትን ዘመድ ያገኙ መሰለኝ። "አምባዛ ነው! እዪው!"

የኛን አምባዛ የሚመስል፣ ግን ከሰው ቁመት የሚስተካከል የዚህ አገር ዓሣ ነው፤ ሲሉሮ ይሉታል። "ልቀቁት አባዬ፣ ልቀቁት!" እላለሁ፤ አይሰሙኝም። ሲሚንቶው ላይ አልጌ ነበር። እግራቸው ከሥራቸው ተንሸራተተ፣ በጎናቸው ወደቁና እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ውሃው ወደ አረፋው ይስባል። የትራሙ ሹፌር ወዲያው ተንደርድሮ የጃኬታቸውን ኮሌታ ያዘ፣ እኔ የእሱን ቀበቶ ያዝኩ። ክሩ ተበጠሰ። ስናወጣቸው እጃቸው እየደማ ነበር፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ብሏል። ያንን ፈገግታ ማየት ከመውደቃቸው ይልቅ አስፈራኝ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሐኪሟ ምርመራ ካደረገች በኋላ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ፤ ልባቸው ደካማ ነው፣ ስኳሩም እንደሚገባው አልተያዘም አለች። ብቻቸውን መኖር የለባቸውም። አገራቸው ሊገቡ እንደሚፈልጉ ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። "የእርስዎ አባት ናቸው" አለች። "እኔ የምመክረው እዚህ ክትትል እንዲያገኙ ነው።"

ተመልሼ ስገባ አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

"ምን አለችሽ?"

ልዋሽ አሰብኩ። ለጣሊያናዊው ሽማግሌ በየቀኑ እዋሻለሁ፤ ልጅዎ ነገ ትመጣለች እላቸዋለሁ፣ ይረሱታል። አባቴ አይረሱም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልቡን፣ ስኳሩን፣ ብቻዎን አይሁኑ ማለቷን።

ሲያዳምጡ ቆይተው "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

ከመጡ ጀምሮ ይህን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም እንዲህ ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ "ይመጣሉ አይደል?" ነበር ያልኩት። "እንዲሄዱ አልፈልግም" አልኩ። "ግን ከሄዱ የሚያይዎት ሰው ልፈልግ።"

የጓደኛቸው ልጅ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ናት፤ ግቢያቸው ጎን ለጎን ነው። ደወልኩላት፣ እሺ አለች። ጀሶው ከእጃቸው ከወረደ በኋላ ኤርፖርት አደረስኳቸው። የትራሙ ሹፌር ሊሰናበታቸው መጣ። ትከሻቸውን አልመታም። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና በጣሊያንኛ "እርስዎ" ብሎ ጠራቸው፤ አባቴ ልዩነቱን አላወቁም፣ እኔ ግን ሰማሁት።

ሐሜቱ ቶሎ መጣ። ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሴቶቹ ወሬያቸውን ሲያቋርጡ አየሁ። አንዷ በኋላ አዝና እንደነገረችኝ፣ "የሰው አባት ለማጠብ የራሷን አባት መለሰች" ተብያለሁ። ልከራከር አልቻልኩም። ውሸት ቢሆን ኖሮ እከራከር ነበር።

አባቴ በየሳምንቱ እሑድ ይደውሉልኝ ጀመር። ድምፃቸው ይስቃል። ሐይቁን ግን ስጠይቃቸው ወሬውን ያዞሩ ነበር። ሳስጨንቃቸው አንድ ቀን ነገሩኝ፤ ውሃው ሸሽቷል። ድሮ ታንኳ የሚያስሩበት ቦታ ላይ አሁን ሽንኩርት ተተክሏል። ጓደኛቸውም መረቡን ሸጦ አትክልት ያጠጣል። "ታዲያ እርስዎ ምን ይሠራሉ?" አልኳቸው። "እስከ ውሃው እሄዳለሁ። መንገዱ ረዝሟል እንጂ ውሃው አለ።"

ባለፈው ሳምንት የጓደኛቸው ልጅ ደወለች። አባቴ ተረከዛቸው ላይ ቁስል አውጥተዋል፤ ከደበቁት ቆይቷል። ፎቶግራፉን ላከችልኝ። በሥራዬ የብዙ ሽማግሌ እግር አይቻለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ በፋሻ ጠቅልያለሁ። እንዲህ ያለው የስኳር ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።

አሠሪዎቼን አስፈቀድኩ፤ የማስታምማቸውን ሽማግሌ ሌላ ሴት ትይዛቸዋለች። ትናንት ስሰናበታቸው ልጃቸው ነው የመሰልኳቸው፤ "ቶሎ ነይ" አሉኝ። ማታ አባቴ ጋ ደወልኩና ቅዳሜ እገባለሁ አልኩ።

"ለአንድ እግር ብለሽ?" አሉ።

"ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባዬ። እስከዚያ ግን ውሃው ጋ አይሂዱ።"

ከጀርባቸው ዶሮ ይጮኻል፤ ሰው ያልፋል፤ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ ይመልሳሉ። "እሺ" አላሉኝም። "እንግዲህ ስትመጪ እናወራለን" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሻንጣዬ ወለሉ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ፋሻ፣ የቁስል ቅባት፣ የስኳር መለኪያ፣ ለስላሳ ጫማ አስገብቻለሁ። እዚያ ስደርስ ይዤያቸው ልምጣ ወይስ እኔ ልቅር፣ አሁንም አላወቅሁም።